ጂፒዩ 2 ፐርሰንት ማሳየቱ ማስረጃ ነው?

«የስዕል ፕሮግራሜ በእርግጥ ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱን ቺፕ) ይጠቀማል? ታስክ ማናጀር ላይ 2 ፐርሰንት ብቻ አያለሁ» ላልከው፣ በዚያ ቁጥር ብቻ አትፍረድ። ዊንዶውስ ራሱ የሁሉንም ፕሮግራም መስኮት አገጣጥሞ ስክሪን ላይ የሚያወጣው በጂፒዩ ነው። ስለዚህ ፕሮግራምህ በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር) እየሳለም ጠቅላላው የጂፒዩ ቁጥር መንቀሳቀሱ አይቀርም።

ታስክ ማናጀር ላይ ዲቴይልስ የሚለውን ክፈት። የዓምዶቹ ርዕስ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና ጂፒዩ እና ጂፒዩ ኢንጂን የሚሉትን ጨምር። ከዚያ ፕሮግራሙን አስጨንቀው። ትልቅ ፋይል ክፈት፣ ዙም እያደረግህ ወዲያ ወዲህ ጎትተው። ቁጭ ያለ ፕሮግራም ምንም አይነግርህም። ኢንጂኑ 3ዲ ብሎ ቁጥሩ ከእጅህ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። ቪዲዮ ዲኮድ ካለህ ግን ቪዲዮ እየፈታ ነው እንጂ እየሳለ አይደለም።

ጂፒዩው ዜሮ ላይ ተኝቶ ሲፒዩው 12 ፐርሰንት አካባቢ ላይ ድርቅ ካለ ጠርጥር። ትንሽ ይመስላል፣ ግን 8 ትሬድ (ጎን ለጎን ሥራ የሚሠራበት መስመር) ባለው ሲፒዩ አንዱ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ተይዟል ማለት ነው። በኤሌክትሮን (በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ) የተሠሩ ፕሮግራሞች ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን መስመሮች ሁሉ እይ። ጂፒዩውን የሚያናግረው ለብቻው ያለ ፕሮሰስ ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው የሬንደረሩን፣ ማለትም ስዕሉን የሚሠራውን ክፍል፣ ስም ነው። ብዙ ፕሮግራሞች አባውት ወይም ፐርፎርማንስ በሚለው ቦታ ይጽፉታል። አንድ ጓደኛዬ ሊኑክስ ላይ 3ዲ ሥራው ተንቀራፈፈበትና አዲስ ካርድ ሊገዛ ነበር። ስናየው ሬንደረሩ ኤልኤልቪኤምፓይፕ (በሲፒዩ የሚስል ሶፍትዌር) ይላል። ካርዱ ቁጭ ብሎ ሥራውን ሁሉ ሲፒዩው ይሸከመው ነበር! ፕሮግራሙ ኦፕንጂኤል (ፕሮግራሞች 3ዲ ስዕል የሚያዙበት መንገድ) አለ ብሎ አምኗል፤ ኦፕንጂኤሉን ራሱ የሚያሠራው ግን ሲፒዩ ነው። ስዊፍትሼደር ወይም ማይክሮሶፍት ቤዚክ ሬንደር ድራይቨር ካየህም ነገሩ ያው ነው።

ስሙን የትም ካላገኘኸው ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን (ሥራውን ለጂፒዩ የሚሰጠውን ምርጫ) አጥፋ፣ ፕሮግራሙን ዘግተህ ክፈት፣ ያንኑ ፋይል ጎትት። ምንም ለውጥ ካላየህ ቀድሞም በጂፒዩ አይሠራም ነበር ማለት ሳይሆን አይቀርም። ይህን ስታደርግ ከሌላ ኮምፒውተር በሪሞት ገብተህ ሳይሆን ራሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥ፤ በሪሞት የምታየው ሊለይ ይችላል።

በሲፒዩ እንደሚሠራ ካረጋገጥህ ዲቫይስ ማናጀር ግባ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ስር ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ካለ የካርዱ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያናግርበት ሶፍትዌር) አልተጫነም። ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደህ ጫን፣ ሪስታርት አድርግና ዙሙን ድገመው።