«ወንድ ነሽ» መባል ታከተኝ

ውድ የምክር አምድ፣

የሕንፃ ግንባታ ሳይት መሐንዲስ ነኝ። የሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ሙሌት በሰዓቱ ሲያልቅ «አንቺ እኮ ወንድ ነሽ!» ይሉኛል። ሲሚንቶ ዘግይቶ ሥራ ሲቆም ግን «ድሮስ ሴት የያዘችው ሥራ!» ነው። ጓደኞቼ «ሙገሳ እኮ ነው፣ ምን ያስቆጣሻል?» ይላሉ። እኔ ድምፄን አወፍሬ፣ ሳቄን ውጬ ስውል ማታ ራሴን ማግኘት እየከበደኝ መጥቷል። ብረት የሚያስሩት ሴቶችም በስማቸው አይጠሩም፣ ሁሉም «ሚጣ» ናቸው። ፔሮል ላይ የሚፈርሙት «ረዳት» ተብለው ነው፤ እሱ እንኳ የተለመደ ነው። ብቻ «ወንድ» መባሉ ታከተኝ። ሰሞኑን የፕሮጀክት ኃላፊ ልሆን ነው። ከሹመቱ በፊት «እንዲህ አትበሉኝ» ብል «ነገረኛ ናት» ብለው ያስቀሩብኝ ይሆን? ዝም ልበል?

መልስ

እህቴ፣ «እሱ እንኳ የተለመደ ነው» ብለሽ ያለፍሽው ነገር አላሳልፍ አለኝ። ስታፋ (ብረቶቹን ዙሪያውን የሚይዘውን ቀለበት) የምታጥፍ፣ ፌሮ (የግንባታ ብረት) በሽቦ የምታስር ሴት ፌራዮ፣ ማለትም የብረት ሥራ ባለሙያ ናት። «ረዳት» ተብላ ከተጻፈች የቀን ሒሳቧ በረዳት ይሰላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋም «ረዳት» ስለሚል በሚቀጥለው ሳይት እንደገና ከታች ትጀምራለች። አንቺን ስሜትሽን የነካሽ ቃል እነሱን እንጀራቸውን ነክቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ምክንያት በክፍያ ማዳላትን ይከለክላል።

በቃል አታመልክቺ፣ «እናያለን» ተብሎ ይቀራል። ለሁለት ሳምንት በዕለታዊ ሪፖርትሽ ላይ የትኛውን ኮለን (ምሰሶ) ማን እንዳሰረ በሙሉ ስም አስመዝግቢ፤ «ሚጣ» የሚባል ስም እዚያ አይገባም። ከዚያ ከፔሮሉ ጋር አስተያይተሽ ልዩነቱን በደብዳቤ አስገቢ፣ ቅጂውን አስቀሪ። ቅጾቹንም እግረ መንገድሽን አርሚ፦ «ፎርማኑ ይፈርማል» የሚለውን «ፎርማን ይፈርማሉ»፣ «ልምድ ያለው» የሚለውን «ልምድ ያላቸው» አድርጊው። አማርኛ በነጠላ ቁጥር ጾታ ያስመርጣል እንጂ በአክብሮትና በብዙ ቁጥር አያስመርጥም። (ሕገ መንግሥቱ ራሱ በወንድ ጾታ የተደነገገው ሴትንም ያካትታል የሚል አንቀጽ 7ን ማስገባት ግድ ሆኖበታል።)

«ወንድ ነሽ» ሲሉሽ «ሙሌቱ አምሮልሻል በሉኝ» ብለሽ ወደ ሥራሽ ተመለሺ፤ ማብራሪያ አትጨምሪ፣ ክርክር ይወዳሉ። ድምፅሽንም ማወፈር ተዪ፤ ኮንክሪት የሚጠነክረው በድምፅ አይደለም።

ሹመቱ ሊያመልጥሽ ይችላል፣ አልዋሽሽም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማግኘትሽ ነው። ኃላፊ ስትሆኚ ያንን ፔሮል የምታጸድቂው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከሹመቱ በፊት ይግባ።