ለጀማሪ ድምፃውያን፦ ስለ አንድ የካንትሪ አልበም

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ድምፃዊት «ሰው የለመደልኝን ስልት ብተው አድማጮቼ ይሸሹኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በካሴት ዘመን አብሮኝ የሚሠራ ድምፃዊ ነበር። በፈረንጆቹ 1962 የወጣውን የጥቁር አሜሪካዊውን ድምፃዊ የሬይ ቻርልስን ሸክላ ያሰማኝ እሱ ነው፤ «ሞደርን ሳውንድስ ኢን ካንትሪ ኤንድ ዌስተርን ሚዩዚክ»ን። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ካንትሪ፣ ማለትም የገጠሩ ባህላዊ ዘፈን፣ የነጮች ሙዚቃ ነው ይባል ነበር። ሬይ ግን እነዚያን ዘፈኖች በቫዮሊንና በትልቅ ባንድ አጅቦ በራሱ ድምፅ ዘፈናቸው። ጓደኛዬም የአገሩን የሰርግ ዘፈኖች እንደዚያ ማቀናበር አማረው። ማታ ከሥራ በኋላ አኮርዲዮኑን ይዞ ያለማምደን ነበር። አንዱን፣ እናቱ ስትዘፍነው የሰማውን፣ ሲጀምር ድራም ተጫዋቻችን ዱላዎቹን አስቀምጦ ያዳምጠዋል። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። አንድ ሙዚቃ ቤት ሄደን አሰማን። ባለቤቱ «ሰው ካንተ የሚፈልገው ጭፈራ ነው» ብሎ መለሰን። ለስቱዲዮ የሚከፍልልን ሌላ ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ ብዙም ሳይቆይ ተሰደደ። አንዱም ዘፈን ሳይቀረጽ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሬይንም የሸክላ ኩባንያው የኤቢሲ ፓራማውንት ሰዎች አድማጭህን ታጣለህ ብለው ሰግተውበት ነበር። አልበሙ ግን በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆነ። ከ12ቱ ዘፈኖች «አይ ካንት ስቶፕ ላቪንግ ዩ» 11ኛ ላይ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ሲድ ፌለር ደካማ መስሎት ነው ወደ መጨረሻ የገፋው። ለብቻው ሲወጣ እሱም አንደኛ ሆነ። ሥራችሁን ከልቡ የሚወድ ሰው እንኳ እንዲህ ሊስት ይችላል።

ድፈሩ እያልኩ ነው፤ ግን አትቸኩሉ እላለሁ። ሬይ ፍሎሪዳ ውስጥ በልጅነቱ ካንትሪን ከሬዲዮ እየሰማ ነው ያደገው። በወጣትነቱም ከነጭ የካንትሪ ባንድ ጋር ተጫውቷል። የዛሬ ልጆች ቲክቶክ ላይ የሞቀውን እያያችሁ በየወሩ ስልት ትለዋውጣላችሁ። ይኼ አይዋጥልኝም። በተረፈ ድምፃችሁ ከኛ ዘመን ልጆች አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሬይ እንደልቡ መሥራት የቻለው ውሉ ጠንካራ ስለነበረ ነው። ከኤቢሲ ፓራማውንት ጋር ሲዋዋል የማስተሮቹ (የዋናዎቹ የዘፈን ቅጂዎች) ባለቤትነት ወደ ራሱ እንዲመለስ አድርጎ ነው የፈረመው። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት ያንን አንቀጽ ለሕግ ባለሙያ አሳዩ።