«ሲኒየሩ ካሽ ጨምሮ ሪቪው አርጊው አለኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን ኖት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ ሶፍትዌር ቤት ነው ምሰራው፣ ከተመረቅኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። አንድ ድርጅት ለሰራተኞቹ የዴስክቶፕ ኢሜል አፕ እያሰራን ነው። ሰሞኑን ሲኒየሩ ካሽ ጨመረበትና ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ዋናው ኮድ ውስጥ ይግባ ብሎ መጠየቂያ) ከፍቶ ሪቪው እንዳረግ እኔን መደበኝ፣ ወደ 1,100 መስመር ነው። ሁለቴ አነበብኩት፣ ኮዱ ያምራል፣ ራን ሳረገው ኢንቦክሱ ከበፊቱ በጣም ፈጥኗል፣ ቴስቱም ሁሉ አረንጓዴ ነው። ግን አፕሩቭ ልል ስል እጄ እንቢ አለኝ፣ ምን መፈለግ እንዳለብኝ ራሱ አላውቅማ። እሱ ደሞ ስምንት ዓመት የሰራ ሰው ነው እኔ ምን ብዬ ልናገረው? ካሹ የመልክቶቹን ዝርዝር፣ የመልክቱን ሙሉ ጽሁፍና አታችመንቱን ነው ሚይዘው፣ ኪዩ (ካሹ አንዱን መልክት ለይቶ ሚያገኝበት መለያ) የፎልደሩ ስምና የመልክቱ ቁጥር ነው። ምኑን ልይ? — ሪቪው ያስጨነቃት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሰላም እህቴ። እጅሽ እንቢ ማለቱን ወድጄዋለሁ፣ «ያምራል» ብለሽ አፕሩቭ ብትጫኚ ማንም አይወቅስሽም ነበር። ሌላው አንባቢ እንዳይደናገር፣ ካሽ ስንል ኪስ ውስጥ ያለውን አይደለም (እሱን ጥያቄ ማንም አልላከልኝም)፣ አፑ ከሰርቨር አንዴ ያመጣውን ድጋሚ ላለማምጣት እዛው ኮምፒውተሩ ላይ ሚያስቀምጠው ቅጂ ነው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ወይ ጭራሽ ሲጠፋ የትናንት መልክቱን ከፍቶ ማንበብ የለመደ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል።

ካሽ ሪቪው ሲደረግ ብዙ ሰው ሚያነበው ማስቀመጫውንና ማውጫውን ኮድ ነው፣ እሱ ደሞ ሁሌም ያምራል፣ ሁሌም ይሰራል፣ ቴስትም ሚጻፍለት እሱ ነው። አንቺ መፈለግ ያለብሽ መጣያውን ነው። የተቀመጠው ነገር መቼ ነው ሚጣለው? ምን ሲፈጠር ነው «ይሄ አርጅቷል» ሚባለው? 1,100 መስመሩ ውስጥ ካሹን ሚሰርዝ ኮድ የት የት አለ ብለሽ ሰርች አርጊ፣ አንድ ቦታ ብቻ ካገኘሽ ወይ ጭራሽ ካጣሽ ሪቪውሽ እዛ ጋ ይጀምራል።

አሁን ወደ ኪዩ እንምጣ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ጆሮዬን ያቆመው እሱ ነውና። «የመልክቱ ቁጥር» ብለሽኛል፣ የቱ ቁጥር ነው ግን? አፓችሁ በአይማፕ፣ ማለትም ደብዳቤው ሰርቨር ላይ እንዳለ አፑ በሚያነብበት ደንብ፣ ሚሰራ ከሆነ (አይቀርም) እያንዳንዱ መልክት ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ የተራ ቁጥሩ ነው፣ ይሄ ማለት የታክሲ ሰልፍ ላይ ያለሽ ቦታ ነው፣ ከፊትሽ አንድ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከወጣ ሰባተኛ የነበርሽው ስድስተኛ ትሆኛለሽ። ሌላው ዩአይዲ ሚባለው ነው፣ እሱ ደሞ ባንክ ገብተሽ ከማሽኑ ምትቆርጪው የወረፋ ወረቀት ነው፣ ከፊትሽ ያለው ሰው ቢሄድም ባይሄድም ያንቺ 47 ያው 47 ነው። ሲኒየሩ በተራ ቁጥር ካሽ ካረገ መልክት በተሰረዘ ቁጥር ካሹ አንድ አንድ ቦታ ይንሸራተታል፣ ሰውየው የደሞዝ ጉዳይ ብሎ ይጫናል የሚከፈትለት የሰርግ ጥሪ ነው።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም ምነግርሽ። ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ እንዲህ ያለ ኮድ አፕሩቭ አርጌያለሁ፣ ቴስታችን ላይ አምስት መልክት ነበር፣ ማንም አንዱን ሰርዞ አልሞከረም። ለደንበኛ ከደረሰ በኋላ አንዲት ሂሳብ ሰራተኛ ደውላ «ደብዳቤዎቼ ተቀያየሩ» ስትለን ሶስት ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ስንወቅስ ከረምን።

ዩአይዲ ከሆነ ደሞ ገና አልጨረስንም። የባንኩ ወረቀት ነገ ጠዋት ከ1 ይጀምራል አይደል፣ ታዲያ የትናንቱን 47 ይዘሽ ብትመጪ ማነው ሚያስተናግድሽ? ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ነው ሚለየው። አይማፕም ለያንዳንዱ ፎልደር እንደዛ ያለ ነገር አለው፣ ዩአይዲ ቫሊዲቲ ይባላል፣ ፎልደሩ ጠፍቶ በዛው ስም ድጋሚ ከተፈጠረ ወይ ሰርቨሩ ከባካፕ ሲመለስ ቁጥሮቹን መጠበቅ ካልቻለ ይቀየራል። ከተቀየረ የዛ ፎልደር ካሽ ሙልጭ ብሎ መጣል አለበት፣ በፈረንጆቹ 2006 ላይ የወጣው አርኤፍሲ 4549፣ ያለ ኔትወርክም ሚሰሩ ደምበኛ አፖች እንዴት ሲንክ ያርጉ ሚለው ሰነድ፣ በግዴታ ነው ያስቀመጠው። እሱ ብቻም አይደለም፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይፈጸማሉ ተብለው የተያዙ ትእዛዞች ካሉ እነሱም ይጣሉ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሰውየው ኔትወርክ በሌለበት 47ን ሰርዝ ብሎ፣ እስኪገናኙ ድረስ 47 ሌላ መልክት ከሆነ ያልተነበበ ደብዳቤ ሰረዝሽበት ማለት ነው። ስለዚ ኪዩ ውስጥ አካውንቱ፣ ፎልደሩ፣ ቫሊዲቲውና ዩአይዲው አራቱም አሉ ወይ? «አካውንቱ» ያልኩት በምክንያት ነው፣ የፎልደር ስምና ቁጥር ብቻ ከሆነ ባንድ ኮምፒውተር ሁለት አካውንት የከፈተ ሰው ሁለቱም ኢንቦክስ ኢንቦክስ ነው ሚባለው፣ የአንዱ ደብዳቤ በሌላው ውስጥ ይወጣል።

አንዳንዱ ደሞ ብልጥ ነኝ ብሎ ሜሴጅ አይዲውን (መልክቱ ራሱ ላይ የተጻፈውን መለያ) ኪይ ያረገዋል። እሱን እንዳትቀበዪ። ሜሴጅ አይዲ ሚጻፈው በላኪው በኩል ነው፣ ተንኮለኛ ላኪ ከዚ በፊት ከሌላ ሰው የመጣን መልክት አይዲ ገልብጦ ቢልክልሽ የትኛው የትኛውን ሊሸፍን ነው? እሱን የፋይል ስም ካረጉትማ ከባሰም የባሰ ነው፣ ከውጭ የመጣ ጽሁፍ ዲስክሽ ላይ የት እንደሚጻፍ መወሰን የለበትም።

ቀጥሎ ምን ይቀየራል ምን አይቀየርም ሚለውን ለይተው እንደሆን እዪ። አንድ ዩአይዲ ያለው መልክት ጽሁፉ አይቀየርም፣ ስለዚ አንዴ ያመጣሽውን ጽሁፍና አታችመንት እስከፈለግሽው ጊዜ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ሚቀየረው ተነቧል፣ ተመልሶለታል፣ ኮከብ ተደርጎበታል ሚለው ምልክት ነው፣ ሰውየው ስልኩ ላይ ያነበበው ኮምፒውተሩ ላይ «አልተነበበም» እያለ ድምቅ ብሎ ከቀረ ካሹ ሁለቱን አንድ ላይ አስሯቸዋል ማለት ነው። ሰርቨሩ ኮንድስቶር ሚባለውን የአይማፕ ተጨማሪ ሚደግፍ ከሆነ «ከዚ ቁጥር ወዲህ ምን ተቀየረ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ካልደገፈ ደሞ ምልክቶቹን ሁሉ አምጥቶ ማነጻጸር ነው፣ ብዙ ዳታ አይበላም። የተሰረዙትን ግን ኮንድስቶር ብቻውን አይነግርሽም፣ ለሱ ኪው ሪሲንክ ሚባል ሌላ ተጨማሪ አለ፣ ከሌለ ያሉትን ዩአይዲዎች ጠይቆ የጎደለውን ከካሹ ማውጣት። ሲኒየሩ ኮንድስቶርን ተማምኖ የተሰረዙትን ረስቶ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው እዛ ጋ ይሳሳታል።

አንድ መስመር አለ ደሞ በዓይንሽ ካላየሽው ማታገኚው። ካሹ ከበስተጀርባ ቀድሞ መልክት ሚያወርድ ከሆነ በየትኛው ትእዛዝ እንደሚያወርድ ተመልከቺ። «ቦዲ» ብሎ ከጠየቀ ሰርቨሩ መልክቱን «ተነቧል» ብሎ ምልክት ያረግበታል፣ «ቦዲ ነጥብ ፒክ» ብሎ ከጠየቀ ግን ዝም ይላል። በዚች አንዲት ቃል ምክንያት ሰውየው ጠዋት አፑን ሲከፍት 60 ያልተነበበ ደብዳቤው በሙሉ ተነቧል ተብሎ ይጠብቀዋል፣ ቴስት ላይ ደሞ በጭራሽ አይታይም ምክንያቱም ቴስቱ ሚያየው ጽሁፉ መምጣቱን ነው።

የኛ የብቻችን ችግር ደሞ አለ። ዝርዝሩ ላይ ምትወጣዋን የመልክት መጀመሪያ ካሽ ሲያረጉ ስንት ባይት ላይ ነው ሚቆርጡት? በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት ሚቀየርበት መንገድ) አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው፣ የኛ አንዱ ፊደል ሶስት ባይት ነው። 100 ባይት ላይ ከቆረጡ 33 ፊደል ወጥቶ አንድ ባይት ይተርፋል፣ መጨረሻ ላይ ያቺ የጥያቄ ምልክት ያለባት አስቀያሚ ሳጥን ትመጣለች፣ አንዳንድ ላይብረሪ ደሞ ጭራሽ ኤረር ይወረውራል። ቴስቱ ላይ ያለው መልክት በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ አንድ የአማርኛ ጨምሩ በይው፣ ለዚ ለዚ እንኳ ይሉኝታ አያስፈልግም።

የካሹ ፎርማት ነገ ቢቀየርስ? አዲሱ አፕ አሮጌውን ካሽ ሲያነብ ምን ይሆናል? ሙት ሚባለው የተርሚናል ኢሜል አፕ ይሄን በጥሩ መንገድ ነው የፈታው፣ ሄደሩን (ላኪ፣ ርዕስ፣ ቀን ሚለውን) ሚይዙት የኮዱ ስትራክቸሮች ሲቀየሩ የካሹ ቨርዥን ቁጥር ኮምፓይል ሲደረግ ራሱ ይቀየራል፣ ያሮጌው ቨርዥን እንደሌለ ይቆጠራል፣ ሰው ቁጥር መጨመር ረሳ ሚባል ነገር የለም። እናንተ ያን ያህል ባትሄዱም አንድ የቨርዥን ቁጥር ይኑር፣ ካልገጠመ ይጣል፣ ለመቀየር አትድከሙ። ሰርቨር ላይ ያለ ነገር ነው።

የደብዳቤዎቹን ሚስጥር አጠባበቅ በአጭሩ፦ ፋይሎቹን ሌላ የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ መክፈት ይችላል ወይ፣ አካውንቱ ከአፑ ሲወጣ ካሹ አብሮ ይጠፋል ወይ፣ ተቆልፎ የመጣ መልክት ተፈትቶ ነው ወይ ዲስክ ላይ ሚቀመጠው። የመጨረሻው «አዎ» ከሆነ መርጅ እንዳይሆን (ዋናው ኮድ ውስጥ እንዳይገባ) ያዢው።

ሲኒየሩን እንዴት ልናገረው ላልሽው፣ «ተሳስተሃል» ማለት አይጠበቅብሽም፣ ጠይቂው። «ፎልደሩ ጠፍቶ በዛው ስም ቢፈጠር የትኛው መስመር ነው ካሹን ሚጥለው? አላገኘሁትም» ብለሽ ጻፊለት። ወይ መስመሩን ያሳይሽና ትማሪያለሽ ወይ ራሱ ዝም ብሎ ያስተካክለዋል፣ ስምንት ዓመት የሰራ ሰው በጥያቄ ከተናደደ ችግሩ ካንቺ አይደለም። ከመጻፍሽ በፊት ግን ሞክሪው፣ አፑን ክፈቺ፣ በብሮውዘር በዛው አካውንት ግቢና ከመሀል አንድ መልክት ሰርዢ፣ አንዱን ተነቧል አርጊው፣ አንድ ፎልደር አጥፍተሽ መልሰሽ ፍጠሪ፣ ከዛ ወደ አፑ ተመለሺ። መልክት እያወረደ ሳለም አፑን ግደዪውና ግማሽ የወረደው አታችመንት እንደ ሙሉ ተቆጥሮ እንደሆን እዪ። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። 1,100 መስመሩንም ለሶስት ክፈልልኝ ማለት መብትሽ ነው፣ ዝርዝሩ ለብቻ፣ ጽሁፉ ለብቻ፣ አታችመንቱ ለብቻ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሞላ እያለ አስቸገረኝ፣ ሳየው የኢሜል አፑ ነው ብዙ ቦታ የያዘው። ክሊር ካሽ ብል ደብዳቤዎቼ ይጠፋሉ? — ከአዳማ

መልስ፦ አይማፕ ከሆነ ደብዳቤዎቹ ሰርቨር ላይ ናቸው፣ ክሊር ካሽ ስትል ካሹ ውስጥ ያለው ቅጂ ይሄዳል፣ ስትከፍታቸው እንደገና ይወርዳሉ፣ ዳታ ግን ይበላብሃልና ዋይፋይ ያለበት ቦታ አርገው። አንድሮይድ ላይ ከጎኑ ያለውን ክሊር ስቶሬጅ ወይ ክሊር ዳታ ሚለውን ግን እንዳትነካው፣ ጽፈህ ያልላክከው ድራፍት ስልኩ ላይ ብቻ ያለ ሊሆን ይችላል፣ አብሮ ይሄዳል፣ እንደገናም ፓስወርድ ሊጠይቅህ ይችላል። አካውንቱ በፖፕ 3 (መልክቱን ወደ ስልኩ ሚያወርድ ሌላ ደንብ) የተከፈተና «አውርዶ ከሰርቨር ይሰርዝ» ተብሎ የተስተካከለ ከሆነ ደሞ ስልክህ ላይ ያለው ቅጂ አይደለም ዋናው እሱ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የቱ እንደሆነ ሳታይ ምንም እንዳትጫን።