ፊደሉ አልጠፋም፤ «አፕዴት»ን ብቻ አይንኩ

ከባሕር ዳር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጽፈውልኛል። ደብዳቤያቸውን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የምጽፍባት አንዲት የግል ድረ ገጽ አለችኝ። ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የሠራልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ እሱ አሁን ውጭ አገር ነው። በየገጠሩ ሳስተምር የሰበሰብኳቸው ተረትና ምሳሌዎች፣ የቦታ ስሞች አመጣጥ፣ የድሮ ተማሪዎቼ ትዝታ፣ በድምሩ 340 ጽሑፍ አለባት። ባለፈው ሳምንት ሆስቲንግ የተከራየንበት ድርጅት የሰርቨሩን ሶፍትዌር አሳደግን ብሎ ኢሜይል ላከ። ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ፒኤችፒ ከ7.4 ወደ 8.2፣ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጠው ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ወደ 8.0 ማለት ነው። በማግስቱ ብከፍታት ከባድ ስህተት አጋጥሟል ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም የለም። የጎረቤቴ ልጅ መጣና አንድ ፕለጊን የሚሉትን ተጨማሪ ፕሮግራም አጠፋ፤ የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉንም በአዲስ ተካው። ገጹ ተከፈተ፤ አማርኛው ግን የለም! አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ‹ኤ› ከማይነበብ ጉድ ጋር በየመስመሩ ተደርድራለች። ሦስቱን ጽሑፎች ከደብተሬ ላይ እንደገና ጽፌ አፕዴት ብል፣ እነሱ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው አረፉት። የቀሩትን 337 እንዲሁ ልጻፋቸው? ዕድሜዬስ ይበቃል?»

ጋሼ፣ አይጽፏቸውም። ከነገሩኝ ምልክት ስነሳ 337ቱ ጽሑፎች እዚያው ዳታቤዙ (የድረ ገጹ ጽሑፍ ማከማቻ) ውስጥ ደህና ተቀምጠዋል። ስጋቴ ያለው እንደገና በጻፏቸው ሦስቱ ላይ ነው። እነሱንም የምናወጣበት መንገድ አለ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ዛሬውኑ ያድርጉልኝ። አንደኛ፣ ጽሑፍ ከፍተው «አፕዴት» የሚለውን አይጫኑ። በኮምፒውተርም በስልክም። ለጎረቤትዎ ልጅም ይንገሩት። ሁለተኛ፣ ሆስቲንግ ድርጅቱ ጋ ደውለው ሰርቨሩ ከማደጉ በፊት የተያዘው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ለብቻ ይቀመጥልኝ ይበሏቸው። ብዙ ድርጅቶች ባክአፕ የሚያቆዩት ለተወሰኑ ቀናት ነው፤ ከዚያ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል። ይህቺ ስልክ ለነገ አትደር።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አማርኛ ስክሪን ላይ ሲበላሽ ሦስት ዓይነት መልክ አለው። ሦስቱም የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነ፣ ያ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ ጽሑፉ ምንም አልሆነም። ባለ ጭረቷ «ኤ» ከሆነች፣ ጽሑፉ አለ፤ የተነበበው ግን በሌላ ቋንቋ ፊደል ነው። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ልብ ያስደነግጣል። አንዳንዴ የማሳያ ችግር ብቻ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጽሑፉ ራሱ ጠፍቶ በምትኩ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክቱ ነው። የእርስዎ ሦስቱ ጽሑፎች ይህ ሁለተኛው ደርሶባቸዋል።

«ሰላም» የምትለዋን ቃል እንይ። ለእኛ ሦስት ፊደል ናት። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (ትንንሽ የማከማቻ ክፍል) ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ትሆናለች። በሄክስ፣ ማለትም እያንዳንዱን ባይት በሁለት ምልክት በሚጽፈው የቁጥር አጻጻፍ፣ ስናወጣት «ሰ» ኢ1-88-ቢ0፣ «ላ» ኢ1-88-8ቢ፣ «ም» ኢ1-88-9ዲ ይሆናሉ። ልብ ብለው ይዩ፤ ሦስቱም የሚጀምሩት በኢ1 ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት ፊደሎቻችን ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ላቲን-1 በሚባለው የድሮ የአውሮፓ ፊደል ሰንጠረዥ ደግሞ ኢ1 ማለት ያቺው ባለ ጭረት «ኤ» ናት። ስለዚህ ዘጠኙን ባይት በላቲን-1 ዓይን ያነበበ ፕሮግራም በየሦስት ምልክቱ አንድ ባለ ጭረት «ኤ» ያሳይዎታል። እኔ እሷን ሳይ ደስ ይለኛል። ባይቶቹ በቦታቸው መኖራቸውን የምትመሰክረው እሷ ናትና።

ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ተነበበ? ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት ዳታቤዙ ውስጥ ጽሑፍ የሚቀመጥበት አዲስ ሰንጠረዥ ሲከፈት፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ «ይህ የላቲን-1 ጽሑፍ ነው» ብሎ ይመዘግብ ነበር። የእህትዎ ልጅ የሠራው የድሮ ኮንፊግ ፋይል ላይ የፊደል ኮዱ መስመር ባዶ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በዚያ ዘመን እንደዚያ የተሠራ ብዙ አይቻለሁ። እንግዲህ አንድ የጎተራ ጠባቂ ያስቡ። ጤፍ ይዘው ይሄዳሉ፤ እሱ ጆንያው ላይ «ስንዴ» ብሎ ይጽፋል። እርስዎም ሲመለሱ «ስንዴዬን ስጠኝ» ይሉታል፤ ያንኑ ጤፍዎን ይሰጥዎታል። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ግን ስህተታችሁ አንድ ስለሆነ ጤፉ ጤፍ ሆኖ ይመለሳል። ድረ ገጽዎ ይህን ሁሉ ዓመት የኖረችው በዚህ ነው።

8.0 ሲመጣ ሳይነገረው የሚጠቀምበት የፊደል ኮድ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሆነ፤ ማይኤስኪውኤል ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 የሚጠራው በዚህ ስም ነው። የጎረቤትዎ ልጅ የተካው አዲሱ ኮንፊግ ፋይልም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። ይህ ትክክለኛው ነው። የድሮዎቹ ሰንጠረዦች ግን ሶፍትዌሩ ስላደገ ብቻ ምልክታቸው አይቀየርም፤ አሁንም «ላቲን-1» የሚል ተለጥፎባቸዋል። ስለዚህ አዲሱ ጠባቂ የላቲን-1 ምልክቱን አምኖ እያንዳንዱን ባይት ወደ ዩቲኤፍ-8 እየተረጎመ ይሰጥዎታል። ያ ነው ጉዱ።

እርስዎ እንደገና የጻፏቸው ሦስቱስ? ያኔ ትክክለኛ አማርኛ ላኩ። ሰንጠረዡ ግን የላቲን ፊደል ብቻ የሚቀበል ነው። «ሰ»ን ወደ ላቲን-1 ተርጉም ሲባል የሚተካት የለም፤ ስለዚህ በእሷ ቦታ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። ወርድፕረስ ማይኤስኪውኤል እንዲህ ያለውን ነገር እንዳይከለክል አላልቶ ስለሚያገናኘው ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አልመጣም። «አፕዴት»ን አይንኩ ያልኩት ለዚህ ነው። የድሮውን ጽሑፍ የሚያጠፋው ያ ቁልፍ ነው።

ግምቴን ለማረጋገጥ የጎረቤትዎ ልጅ ፒኤችፒማይአድሚን የሚባለውን የዳታቤዝ ማያ ገጽ ይክፈት። ፖስትስ በሚለው፣ ጽሑፎቹ ባሉበት ሰንጠረዥ ላይ ኮሌሽን (የፊደል ኮዱን የሚነግረው) የሚለውን ዓምድ ይይ። «ላቲን1_ስዊዲሽ_ሲአይ» የሚል ካለ ያልኩት ነው። የስዊድን ስም የገባው ማይኤስኪውኤል የተወለደው በስዊድን ኩባንያ ስለሆነ ነው። ከዚያ የአንድ ጽሑፍ ርእስ በሄክስ ያውጣ። ኢ1 እየደጋገመ የሚመጣ ከሆነ እልል ይበሉ። 3ኤፍ-3ኤፍ-3ኤፍ ከሆነ ያ ርእስ ወደ ጥያቄ ምልክት ተቀይሯል። ሲ3-ኤ1 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ነው፤ እሱ ሌላ መንገድ ስላለው ምንም ሳትነኩ ጻፉልኝ።

ኢ1 ከሆነ ዛሬ ማታ አማርኛውን መልሰው ማየት ይችላሉ። አዲሱ የኮንፊግ ፋይል ውስጥ «ዲቢ_ቻርሴት» የሚል መስመር አለ። እሴቱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ነው። እሱን ላቲን1 ብሎ ይለውጠው። ከሥሩ ያለችው «ዲቢ_ኮሌት» ባዶ ትሁን። ሴቭ አድርጎ ገጹን እንደገና ይክፈት። ጽሑፎችዎ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ከሦስቱ በቀር። ይህ ወደ ድሮው የ«ስንዴ» ስምምነት መመለስ ነው። ለጥቂት ቀን ትንፋሽ ይሰጣል። እንዲሁ ትቶ መኖር ግን አልመክርም፤ ነገ ሌላ ድርጅት ጋ ቢዛወሩ ወይም ሌላ ሰው ፋይሉን ቢነካው ያው ጉድ ይመለሳል።

ዘላቂው ጥገና ጆንያው ላይ ያለውን ምልክት ብቻ መቀየር ነው፤ እህሉን ሳይነኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰንጠረዡን በአንድ ትእዛዝ ከላቲን-1 ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 «ኮንቨርት» ያደርገዋል። ያ ትእዛዝ ምልክቱን ብቻ አይቀይርም፤ ባይቶቹንም ይተረጉማል። ውጤቱ ጉዱን እዚያው ማተም ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛዬን ዳታቤዝ ኮፒ ሳልይዝ በቀጥታ እንዲህ አድርጌበት ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በስተመጨረሻ ተመለሰ፤ የሰውየው ድምፅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ያለ ኮፒ የማንንም ዳታቤዝ ነክቼ አላውቅም።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት እርምጃ አለው። ጽሑፍ የያዘውን ዓምድ መጀመሪያ ወደ ብሎብ ይቀይሩታል። ብሎብ ማለት ማይኤስኪውኤል «ይህ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ባይት ብቻ ነው» የሚልበት ዓይነት ነው። ምልክቱ ተላጠ ማለት ነው። ቀጥሎ ያንኑ ዓምድ ከብሎብ ወደ ጽሑፍ፣ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይመልሱታል። ባይቱ አልተነካም፤ አሁን ጆንያው «ጤፍ» ይላል። አጭር ጽሑፍ የሚይዙት ቫርቻር ዓምዶች በብሎብ ፈንታ በቫርባይነሪ በኩል ያልፋሉ። ይህን በፖስትስ፣ በፖስትሜታ፣ በኮሜንትስ፣ በተርምስና በኦፕሽንስ ሰንጠረዦች ላይ ያድርግ፤ የዓምዱ ርዝመትና ባዶ አይሁን የሚለው ደንብ እንደነበረ ይቆይ። ሁሉንም መጀመሪያ በዳታቤዙ ኮፒ ላይ። ኮፒው ላይ ካማረ ዋናው ላይ ይድገመውና በዚያው ቅጽበት «ዲቢ_ቻርሴት»ን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይመልስ። ሁለቱ አብረው ካልተቀየሩ እንደገና ይበላሻል።

ኦፕሽንስ የሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ቃል በቃል ፈልጎ መተካት አይሞከር። እዚያ ወርድፕረስ ከጽሑፉ ጎን ርዝመቱን በባይት ቆጥሮ ያስቀምጣል፤ «ሰላም» 9 ተብላ ተቆጥራለች። ቁጥሩና ጽሑፉ ካልተስማሙ በገጹ ዳር ያሉት ሳጥኖች ይጠፋሉ።

ያወረደውንም ባክአፕ በጽሑፍ አርታዒ ከፍቶ «ወደዚህ ኮድ ቀይር» የምትለዋን እንዳይጫን። ኢንተርኔት ላይ ጉዱን ለጥፈህ አማርኛውን ውሰድ የሚሉ ገጾችም አሉ፤ እነሱንም ይተዋቸው። ምክንያቱ ይህ ነው። የዊንዶውስ የአውሮፓ ፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ አምስት ባይቶች ምንም ፊደል የላቸውም። አንዱ 8ዲ ነው። ይህ ባይት ደግሞ ፈ፣ ፀ እና ፐ ከነቤተሰቦቻቸው፣ አራት ነጥባችንም ሳይቀር፣ ውስጣቸው አለ። ሌላው 81 ነው፤ «ሁ» የምታልቀው በእሱ ነው። ማይኤስኪውኤል እነዚህን ባይቶች አሳልፎ ያቆያቸዋል። አብዛኛው ሌላ ፕሮግራም ግን ይጥላቸዋል። ያኔ አማርኛው የተመለሰ ይመስልና «ፍቅር» ያለ «ፍ»፣ ዓረፍተ ነገሩም ያለ አራት ነጥብ ይቀራል።

ወደ ሦስቱ ጽሑፎች እንመለስ። ከዘላቂው ጥገና በኋላም ጥያቄ ምልክት እንደሆኑ ይቆያሉ። እያንዳንዳቸውን ከፍተው በስተቀኝ «ሪቪዥንስ» የሚለውን ይዩ። ወርድፕረስ የቀድሞውን ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያቆያል፤ እሱም በጥገናው አብሮ ይድናል። እዚያ ከሌለ ለብቻ ያስቀመጡት የድርጅቱ ባክአፕ አለ። እሱም ካልተገኘ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የድረ ገጽዎን አድራሻ አስገብተው ይፈልጉ። የብዙ ድረ ገጾችን የቆየ መልክ ያስቀምጣል። ደብተርዎም አለ፤ ስላልጣሉት እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ መጀመሪያው ስህተት ብዙ አልልም፤ የጎረቤትዎ ልጅ ጥሩ አድርጎታል። ፒኤችፒ 8.0 የድሮ ፕለጊኖች የሚጠቀሙባቸውን አንዳንድ ትእዛዞች አስወግዷል፤ «ክሪኤት_ፈንክሽን» እና «ኢች» ከነሱ ውስጥ ናቸው። ልጁ ያጠፋው ፕለጊን አንዱን ሳይጠራ አይቀርም። አዲስ እትም ካለው ይጫኑት፤ ከሌለው ይሰናበት። ከወርድፕረስ 5.2 ወዲህ እንዲህ ያለ ስህተት ሲደርስ የትኛው ፋይል እንደሆነ የሚገልጽ ኢሜይል ለአስተዳዳሪው ይላካል። የእርስዎ ወደ እህትዎ ልጅ የድሮ ኢሜይል ሄዶ ይሆናል፤ አድራሻውን በራስዎ ይተኩት። ወደ 7.4 ልመለስ ካሉ ለአንድ ቀን ይሁን፤ የእሱ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 አብቅቷል።

የጽሑፎቹ ሊንኮች ስለሚሰበሩ አይስጉ። ወርድፕረስ የአማርኛ ሊንክ የሚያስቀምጠው በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ለውጦ ስለሆነ ይህ ሁሉ አይነካውም። እንዲያውም አንድ የአማርኛ ፊደል እዚያ ዘጠኝ ቦታ ይይዛል፤ ወሰኑ ደግሞ 200 ነው። የረጃጅም ርእሶችዎ ሊንክ 22ኛው ፊደል ገደማ ላይ የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ የ2002ቱን የመጀመሪያ ጽሑፍዎን ይክፈቱና ቀስ ብለው ያንብቡት። ፈ፣ ፀ፣ ፐ እና ሁ ያሉባቸውን ቃላት ይፈልጉ። አራት ነጥቦቹንም ይቁጠሩ። እነሱ ሁሉ በቦታቸው ካሉ፣ ያኔ «አፕዴት»ን ይጫኑ።