ኦክሲዴቲቭ ስትረስና የሳንባ ቫይረሶች፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ኢንፍሉዌንዛ፣ ስለ ኮቪድና ስለ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ራሱ ምንድን ነው? በቀላሉ አስረዳን።

ሴሎቻችን በኦክስጅን ኃይል ሲያመርቱ ከጎኑ ቁጡ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ከእነዚህ ናቸው። ሰውነት ማክሸፊያ አለው፤ የተለያዩ ኢንዛይሞች፣ ግሉታታይዮን የሚባል ሞለኪውልም። የሚፈጠረው ከሚከሽፈው ሲበልጥ የሴል ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይጎዳሉ። በቃ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ጉዳቱን የሚያመጣው ቫይረሱ ነው ወይስ የራሳችን ሰውነት?

ሁለቱም። ሕመሙ ሲጠና ግን የራሳችን መከላከያ ድርሻ ትልቅ ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ወደ ሳንባ ይጎርፋሉ። ሽፋናቸው ላይ ያለው ኢንዛይም ሲነቃ ኦክስጅን እየሳቡ ሱፐርኦክሳይድ ይረጫሉ። ችግሩ ቦታው ነው። በሳንባ ከረጢትና በደም ሥር መካከል ያለው ግድግዳ በጣም ስስ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ከአንድ ማይክሮሜትር ያንሳል። ከደረቁ ጋር እርጥቡም ይነዳል እንደሚባለው፣ ያ ግድግዳ አብሮ ይቃጠላል። ከዚያ ፈሳሽ ወደ ከረጢቱ ይገባል፣ ኦክስጅን ወደ ደም መሻገር ያቅተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጃፓን ተመራማሪዎች ኢንፍሉዌንዛ ለያዛቸው አይጦች ሱፐርኦክሳይድን የሚያከሽፍ ኢንዛይም በደም ውስጥ እንዲቆይ አድርገው ሰጧቸው። ከሞት የተረፉት በዙ። የሰው ሳንባ የአይጥ ሳንባ አይደለም፤ ግን ብዙዎችን ወደዚህ መስክ የሳበው እንዲህ ያለ ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እነዚህን ሞለኪውሎች ሙሉ በሙሉ ብናጠፋቸውስ?

አይሆንም እህቴ። ያ የኒውትሮፊል ኢንዛይም ሳይሠራላቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ። ባክቴሪያና ፈንገስ እየተመላለሰ ያጠቃቸዋል። መሣሪያው ያስፈልገናል፤ ጣጣው ሲበዛና ሳይቆም ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ሲይዘኝ ቫይታሚን ሲ በብዛት እውጣለሁ። ይጠቅማል?

ከሁሉም የበዛው ጥያቄ ይኸው ነው። ቫይታሚን ሲ እነዚያን ቁጡ ሞለኪውሎች ከሚያከሽፉት አንዱ ነውና። ለተራ ጉንፋን ብዙ ጥናቶች ተደርገዋል። በየቀኑ ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች ጉንፋን እንደማንኛውም ሰው ይይዛቸዋል። ሲይዛቸው ግን የሕመሙ ጊዜ ትንሽ ያጥራል፤ በአዋቂ 8 በመቶ፣ በልጆች 14 በመቶ ገደማ። ካመመህ በኋላ ስትጀምር ግን ወጥ የሆነ ጥቅም አልታየም። ስለዚህ ወንድሜ፣ አንተ የምታደርገው በትክክል ያልሠራውን ነው።

ለጠና ሕመምስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ሙከራ አለ። ኢንፌክሽን ደማቸውን አውኮ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለገቡ ሰዎች ቫይታሚን ሲ በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ተሰጠ። የሞቱት ወይም የአካል ክፍላቸው እንደተጎዳ የቀሩት ቫይታሚኑን በወሰዱት ዘንድ ካልወሰዱት ይልቅ በዙ። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያምር ሐሳብ ሁሉ አልጋ ላይ አይሠራም። እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ምክንያት ጊዜው ነው፤ ታማሚው ሆስፒታል ሲደርስ ሳንባው አስቀድሞ ተጎድቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴልን ከእነዚህ ሞለኪውሎች የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረት ያለበት ሰው ከፍተኛ መጠን በደም ሥር ከወሰደ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ኤንኤሲስ? አክታ የሚያቀጥነው መድኃኒት።

አሴቲልሲስቲን ማለትህ ነው። ሰውነት ግሉታታይዮን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የጣሊያን ጥናት 262 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታተለ። ኤንኤሲ የወሰዱትንም የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ይዟቸዋል፤ ምልክት የታየባቸው ግን ካልወሰዱት በጣም ያነሱ ነበሩ። ደስ ይላል፤ ግን አንድ ጥናት ነው፣ ትንሽም ነው። በብራዚል ደግሞ ከባድ ኮቪድ ለያዛቸው 135 ሰዎች በደም ሥር በከፍተኛ መጠን ተሞከረ። ለውጥ አላመጣም።

ጥያቄ፦ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ በደም ምርመራ ይለካል? በጣት የሚሰካው መሣሪያ ያሳያል?

ተመራማሪዎች ማሎንዳያልዲሃይድ የሚባል የስብ ስባሪ ይለካሉ። ሐኪም ግን ሕክምና የሚወስነው በእሱ አይደለም። የጣቱ መሣሪያ የሚያየው የደም ኦክስጅንንና የልብ ምትን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኦክስጅን ራሱ ጉዳት ያመጣል ሲሉ ሰማሁ። አባቴ ኦክስጅን ላይ ናቸው፤ ይነቀልላቸው?

በፍጹም እንዳትነኪው! ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን እነዚያን ሞለኪውሎች ማብዛቱ እውነት ነው። ሐኪሞች በኮቪድ የደም ኦክስጅኑ 100 በመቶ ሳይሆን ከ92 እስከ 96 በመቶ አካባቢ እንዲሆን የሚያልሙት አንድም ለዚህ ነው። የኦክስጅን እጥረት ግን ከዚህ ሁሉ በፍጥነት ይገድላል። መጠኑን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ጥያቄ፦ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ከዚህ ጋር ይጋጫል?

በልኩ ከተወሰደ ችግር የለውም። ጉበት ከፓራሲታሞል የሚወጣውን መርዝ የሚያከሽፈው በዚያው በግሉታታይዮን ነው። ክምችቱ ሲያልቅ ጉበት ይሞታል። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራም ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ሳይበሉ የሰነበቱ፣ ከባድ ጠጪዎችና የጉበት ሕሙማን ከዚያ ያነሰ ነው የሚወስዱት። ሰው የሚሳሳተው የጉንፋን ቅልቅል መድኃኒቶች ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፣ ሳይታወቅ ይደራረባል። ያለፈ መጠን የወሰደ ሰው ምንም ባይሰማውም ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። ማርከሻው ኤንኤሲ ነው፤ ፓራሲታሞሉ ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበቱን በደንብ ያድነዋል።