ባለጸጋውም የሚጠጣበት ቧንቧ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በውሃ መሐንዲስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በአንዱ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ሰሞን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የጎረቤት ልጅ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ፣ «ጋሼ፣ አሜሪካ ያን ያህል የሀብት ልዩነት እያለባት ያደገች አገር ትባላለች፤ እኛ ለገጣፎ ያን ሁሉ ቪላ እያየን ለምን ታዳጊ እንባላለን?» ሲል ጠየቀኝ። በሁለት እጁ ጀሪካን ይዞ ስለነበር አሳጥሬ መለስኩለት። ረጅሙን መልስ ለእሱም ለእናንተም እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ እድገትና እኩልነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያዙልኝ። የልዩነት መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው፣ ጣሊያናዊው ኮራዶ ጂኒ እ.ኤ.አ. በ1912 ያቀረበው ስሌት፣ ሁሉም እኩል ከሆነ 0፣ አንድ ሰው ሁሉን ከጠቀለለ 100 ይሰጣል። በዓለም ባንክ መረጃ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015/16 35 ገደማ ስታገኝ፣ አሜሪካ 41 አካባቢ ናት፤ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 63 ገደማ ነበረች። የእኛው በፍጆታ፣ የአሜሪካው በገቢ የተለካ ስለሆነ እኩል አይነጻጸሩም፤ የቪላው ዘበኛ ለጥናት የመጣን መረጃ ሰብሳቢ በቀላሉ ያስገባል ብዬም አላምንም። ቢሆንም ቁጥሩ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ድህነትን ተካፍሎ መኖርም በስሌት እኩልነት ነው።

ሁለተኛው ነገር አማካይ ነው። የዓለም ባንክ አገሮችን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ብሎ የሚመድበው በነፍስ ወከፍ ገቢ ነው። እኔ የአማካይን ነገር በሙያዬ አውቀዋለሁ። አሥር ቤቶች ቢኖሩና አንዱ ሣር የሚያጠጣበትን ጨምሮ በቀን 2,000 ሊትር ቢጠቀም፣ ዘጠኙ ግን በሦስት ጀሪካን፣ ማለትም በ60 ሊትር ቢውሉ፣ ሪፖርቱ እያንዳንዱ ቤት 254 ሊትር አግኝቷል ይላል። ሪፖርቱ አልዋሸም፤ ያን ያህል ውሃ ያየ ቤት ግን የለም። ነዳጅ ያገኘችው ኢኳቶሪያል ጊኒ በዚህ ዓይነቱ አማካይ ለዓመታት ከባለ ከፍተኛ ገቢዎቹ ተርታ ተሰልፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጣም ኋላ ቀር አገሮችን ከሚይዝበት መዝገብ የወጣችውም በገቢዋ ብቻ ነው። ይህ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ያለ ሲሆን ከገቢ በተጨማሪ ጤናን፣ ትምህርትንና ለአደጋ ተጋላጭነትን ይመለከታል፤ እኛ እስካሁን እዚያው ነን።

እንግዲህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፤ አገር አደገ የምለው ባለጸጋው ያለውን አይቼ ሳይሆን፣ ባለጸጋው ለብቻው መግዛት የማያስፈልገውን ቆጥሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 እና በ1854 ኮሌራ በለንደን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲጨርስ የከተማዋ ፍሳሽ እንደ ወትሮው ወደ ቴምዝ ወንዝ ይገባ ነበር። በ1858 ሙቀት ግን የወንዙ ግማት ከወንዙ ዳር የቆመው የአገሪቱ ምክር ቤት ውስጥ ገባ፤ መጋረጃዎቹን በኬሚካል ነክረው ቢሞክሩም አልቻሉትም። ያን ጊዜ ለዓመታት ሲጓተት የነበረው ጉዳይ በሳምንታት ውስጥ ሕግ ሆነ፤ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌትም የከተማዋን ዋና የፍሳሽ መስመሮች ዘረጋ። መኳንንቱ መኳንንት፣ ድሃውም ድሃ እንደሆነ ቀረ፤ ከሁሉም ቤት ሥር የሚያልፈው መስመር ግን አንድ ሆነ። በእርግጥ እንግሊዝ ፋብሪካ ባይኖራት ኖሮ ለዚያ ሁሉ ጡብ የሚከፈል ገንዘብ ባልተገኘ ነበር፤ ሳያመርቱ ማደግ የለም። ነገር ግን ሽታው ከምክር ቤቱ ደጃፍ ሳይደርስ በፊትም ፋብሪካው ነበረ።

እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቪላ ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት ወደ መሆን እያዘነበለ ነው። ግቢው የራሱ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ጄኔሬተርና ጥበቃ አለው፤ ልጆቹ የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ሕመም ሲጠና ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ዴልሂ ይኬዳል። ይህ ሰው ስለ ቧንቧው ምን ብሎ ይጮኻል? ግብሩንስ ለምኑ ብሎ በደስታ ይከፍላል? በበለጸጉት አገሮች ማኅበር (OECD) አባላት ዘንድ ግብር በአማካይ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን፣ በእኛ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ድሃው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይከፍላል፤ በአህያ ጋሪ የመጣ የአንድ ጀሪካን ዋጋ በቆጣሪ ለሚመጣ ብዙ ጀሪካን ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው፣ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ እኮ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም።

ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ገንዘብ ታገኛላችሁ፤ ማግኘታችሁ ደስ ይለኛል። የምለምናችሁ፣ ጉድጓድ ለማስቆፈር አቅም ያገኛችሁ ዕለት ከጎረቤት ጋር አቤቱታ መፈረም እንዳትተዉ ነው። ይህን የምለው ከእናንተ ተሽዬ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት በረንዳዬ ላይ ሮቶ አስቀምጬ ትንሽ ፓምፕ ገጠምኩ። ከዚያ በፊት ውሃው ሲጠፋ የብሎካችንን ደብዳቤ ይዤ ቢሮ ለቢሮ የምዞረው እኔ ነበርኩ። በቅርቡ ጸሐፊያችን የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ መዝገብ አሳየችኝና ገጾቹን ገለጥኩ፤ ፓምፑ ከተገጠመ ወዲህ የእኔ ፊርማ ያለበት ስብሰባ አንድም አላገኘሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ታች ያለ ፓምፕ ከመስመሩ ሲስብ የላይኛዎቹ ፎቆች ግፊት እንደሚወድቅ ደግሞ ለእኔ የሚያስተምረኝ አያስፈልግም፤ ስገጥመውም አውቅ ነበር። ያ ጀሪካን የያዘው ልጅ የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ነው።