ሩቅ የሚሄደው ነርቭ ቀድሞ ይደክማል
ለደሴና ለኮምቦልቻ የጤና ተማሪዎች

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ተመላላሽ ክፍል ስትቀመጡ «እግሬ ደነዘዘ፣ ጫማዬ ሲወልቅ እንኳ አይታወቀኝም» የሚሉ አባቶችና እናቶች ይመጡላችኋል። «እርጅና ነው» ብሎ ቫይታሚን ጽፎ መሸኘት ይቀናል። እርጅና ሊሆን ይችላል፤ ግን በየትኛው ነርቭ፣ በምን መንገድ እንደገባ ካልጠየቃችሁ ሊቆም የሚችል ጉዳት ያመልጣችኋል። አንዱ መንገድ ለሴል ጉልበት የሚያመርተው ሚቶኮንድሪያ ነው፤ የምጽፍላችሁም ስለ እሱ ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዐርፈን በተቀመጥንበት ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ዋናው ወጪ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚመልሱት ፓምፖች ናቸው። ኤቲፒ፣ ማለትም ፓምፖቹ የሚጠቀሙበት ጉልበት፣ ተጠራቅሞ አይቆይም፤ እዚያው ተሠርቶ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ሚቶኮንድሪያ በሴሉ አካል ውስጥ ብቻ ቢኖር አይበቃም፤ ከሴሉ የሚወጣው ረጅም ክር፣ አክሶኑ፣ ጫፍ ድረስ መገኘት አለበት።

የሚቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ 16,569 ጥንድ ፊደላትና 37 ጂኖች አሉት። ፕሮቲን የሚሆኑት ግን 13ቱ ብቻ ናቸው፤ ከሺህ የሚበልጡት ሌሎች ፕሮቲኖች መመሪያቸው ያለው ኒውክሊየስ ውስጥ ነው። አሁን ርቀቱን አስቡ። ከወገብ አካባቢ ከኅብለ ሰረሰር አጠገብ ተነስቶ የእግር ጣት የሚደርስ አክሶን አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሚቶኮንድሪያን ወደ ጫፍ የሚጎትተው ኪኔሲን የሚባል ፕሮቲን፣ የሚመልሰው ዳይኒን የሚባል ፕሮቲን ነው። በሰከንድ ግማሽ ማይክሮሜትር ይሄዳል ብላችሁ አስሉት፤ ሳይቆም ቢጓዝ እንኳ 23 ቀን ይፈጅበታል፤ እሱ ደግሞ በየመንገዱ ይቆማል፣ ይመለሳልም። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት የሚወጣው አይሱዙ ሲዘገይ የሚራቆተው የደሴ ሱቅ እንጂ የኮምቦልቻ መጋዘን አይደለም። መደንዘዙ ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእንስሳት ጥናት እንደታየው ዕድሜ ሲገፋ የሚንቀሳቀሱት ሚቶኮንድሪያዎች ቁጥር ይቀንሳል።

ሌላው ጉዳይ ጽዳት ነው። ነርቭ ሴል አይከፋፈልም፤ የተወለድንበት ሴል ሰማንያ ዓመት ሊያገለግል ነው፤ የሚታደሰው ውስጡ ያለው ሚቶኮንድሪያ ነው። ጤነኛ ሚቶኮንድሪያ በውስጠኛው ሽፋኑ ላይ ከ150 እስከ 180 ሚሊቮልት ይይዛል። በዚህ ቮልቴጅ ፒንክ-1 የሚባለው ፕሮቲን ወደ ውስጥ እየተሳበ ይፈርሳል። ቮልቴጁ ሲወርድ ግን ፒንክ-1 ውጭ ይከማችና ፓርኪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይጠራል፤ ፓርኪን ምልክት ይለጥፍበታል፤ ከዚያ የሴሉ ቆሻሻ ማስወገጃ፣ ሊሶሶም፣ ይፈጨዋል። በእርጅና ሊሶሶሙ ራሱ ይዝጋል፤ ሊፖፈሲን የሚባለው ቡናማ ዝቃጭ ይጠራቀምበታል። የፒንክ-1 ወይም የፓርኪን ጂን ብልሽት ገና በወጣትነት የሚጀምር ፓርኪንሰን (የመንቀጥቀጥ በሽታ) ያመጣል።

«ፍሪ ራዲካል (ሴልን የሚጎዳ፣ በቀላሉ ከሌላው ጋር የሚዋሐድ ሞለኪውል) ነው የሚያስረጀን» የሚለው አሳብ ከ1956 (እንደ ፈረንጆች) ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። እኔ እንደ ቀድሞው አላምንበትም። በ2004 የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ስሕተት የማያርም ኢንዛይም የተሰጣቸው አይጦች ቶሎ አረጁ፤ ፍሪ ራዲካሉ ግን እምብዛም አልጨመረም። በ2014 የወጣው ትልቅ ሙከራም በቀን 1,200 እና 2,400 ሚሊግራም ኮኤንዛይም ኪው10 የሚባል አንቲኦክሲደንት (ፍሪ ራዲካልን የሚያከሽፍ) ለፓርኪንሰን ሕሙማን ሰጥቶ ጥቅም አላገኘም። ጡረተኛን በውድ የአንቲኦክሲደንት እንክብል አታስከፍሉ። «ከፍታው ነው» ለሚሏችሁም፦ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ኦክስጅንን የሚጠቀመው የመጨረሻው ኢንዛይም በጣም ጥቂት ኦክስጅን ይበቃዋል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ሚቶኮንድሪያ አይራብም።

ወደ ምርምር የምታዘነብሉ፣ ሴል ስታሳድጉ ስኳሩን ተጠንቀቁ። የተለመደው የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ 25 ሚሊሞላር ግሉኮስ አለው፤ በደም ውስጥ ያለው 5 ገደማ ነው። በዚያ ሁሉ ስኳር ሚቶኮንድሪያው ቢበላሽም ሴሉ በግላይኮሊሲስ (ያለ ሚቶኮንድሪያ ስኳርን ሰብሮ ጉልበት በማግኘት) ይኖራል፤ እናንተም ደህና ነው ትላላችሁ። ግሉኮሱን በጋላክቶስ ተኩት፤ ጉድለቱ ያኔ ይታያል። ገና ከተወለደች አይጥ የወጣ የሁለት ሳምንት ነርቭ ላይ ደግሞ ስለ እርጅና አትደምድሙ።

አብሽሩ፣ ታማሚው ፊት የሚያስፈልገው ከዚህ ያነሰ ነው። መጀመሪያ ሌላውን ምክንያት አጣሩ፦ ስኳር፣ አልኮል፣ ለዓመታት ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) የወሰደ ሰው ላይ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አይሶናያዚድ (የቲቢ መድኃኒት) የጀመረ ላይ የቢ6 እጥረት። ድንዛዜው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ወይም ቆዳው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ካለ፣ ሥጋ ደዌን አስቡ፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው።

ቀጥሎ የመድኃኒት ታሪክ። ስታቩዲን የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ዛሬ ባይሰጥም በፊት የወሰዱት ላይ ድንዛዜው ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል፤ የሚቶኮንድሪያን ዲኤንኤ የሚቀዳውን ኢንዛይም ያግድ ነበርና። አሁን ዋናው ሊኔዞሊድ ነው፤ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በቀን 600 ሚሊግራም ለወራት ይሰጣል። የባክቴሪያውን ራይቦሶም (ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል) ሲያግድ ከእሱ ጋር የሚመሳሰለውን የሚቶኮንድሪያ ራይቦሶም ያውካል፤ ረጅሙን የእግር ነርቭና የዐይን ነርቭን ይጎዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 ቀን በኋላ ነው።

ሊኔዞሊድ የሚወስደውን ታማሚ በየወሩ 128 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ (የንዝረት መፈተሻ ሹካ) የእግሩ አውራ ጣት ላይ አድርጉለት፣ የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ ፈትሹ፣ የዐይን ጥራትንና ቀለም መለየትን ለካችሁ ጻፉ። ቀይ ደብዝዞ ከታየው በዚያው ቀን ለቲቢ ሐኪሙ አሳውቁ፤ በጊዜ ከተቋረጠ ዐይኑ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ የእግሩ ድንዛዜ ግን ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። በራሱ እንዲያቆም ግን አትንገሩት፤ ቲቢው ሌላም መድኃኒት ሊላመድ ይችላል። የመጀመሪያውን ምርመራ ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት አድርጋችሁ ካርዱ ላይ አስፍሩ፤ አለዚያ በሦስተኛው ወር የምታወዳድሩበት ነገር አይኖራችሁም።